ያልለበሰ ወንበር

ሮቤ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

አካም ጂርታ፣ ኢንተላ ኮ። እንዴት ነሽ፣ ልጄ ረድኤት፣

እኔም ቤተሰቤም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሾፌሩ ጉቱ የላክሽውን ጥቅል ትናንት ከአውቶቡሱ አውርዶ እስከ ሱቄ ድረስ አመጣልኝ። ስዕሉም፣ የጨርቅ ቁራጮቹም፣ ደብዳቤሽም በደህና ደርሰዋል። በስልክ ብትደውዪ ኖሮ አልሰማሽም ነበር፤ ጆሮዬ ከአምና ወዲህ ስልክ ስይዝበት የንብ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማኝ። በደብዳቤ ማድረግሽ ደግ ነው።

ለጠየቅሽኝ መልሱ እችላለሁ ነው። ዕድሜ ልኬን ወንበር ሳለብስ ኖሬ የአንቺን አልችልም ብል ያሳፍራል። ግን ስዕሉን ገልጬ ሳየው መጀመሪያ ሳቅሁ። እግሩ ቀጭን፣ ወገቡ ወደ ኋላ የተለጠጠ፣ የክንድ ማሳረፊያው ደግሞ የግራው ሰፊ የቀኙ ጠባብ። ከሥሩ «ላውንጅ» ብለሽ ጽፈሻል። የአዲስ አበባ ፎቅ ቤት ውስጥ ሰው እንዲህ ነው እንዴ የሚቀመጠው? እዚህ ሰው ሶፋ ሊያሠራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስንት እንግዳ ይይዛል ብሎ ነው። ይሄ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ያ ግትር አባትሽ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጎባ ሄጄ አይቼዋለሁ። ልቡ ያው እንደደከመ ነው። ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ስለዚህ አክስትሽ ሠርከአዲስ ትራስ ከምራ ግድግዳ ታስደግፈዋለች፤ እሱ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲንሸራተት፣ እሷ ስታቃናው ይነጋል። ምላሱ ከስትሮኩ ወዲህ አልተፈታም፣ ቀኝ እጁም እንደዚያው። ታዲያ መናገር ስለተወ ዝም ያለ እንዳይመስልሽ። በፍርድ ቤት ጸሐፊነቱ ዘመን ቀይ እስክሪብቶ ይዞ የጎባን ሰው ሁሉ ሲያርም ኖሮ፣ አሁን በግራ እጁ ጣት ያርማል። የሻይ ብርጭቆ አያያዜን አረመኝ። እንዲህ ያለውን ነዝናዛ አላህ ለእኔ ጓደኛ ይሁን ብሎ የሰጠኝ በምን ጥፋቴ እንደሆነ አላውቅም።

አንቺ ሐኪሙ ባዘዘሽ ተኝተሽ ጠብቂ። ሁለቱ ጽንሶች ከሄዱብሽ በኋላ ይሄኛውን አላህ ያጽናልሽ። መምጣት ስላልቻልሽ እንዳልተቀየመሽ ከፊቱ አውቄያለሁ። አሁን አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ጀርባው ምን ያህል ነው የሚጋደመው? ከስዕልሽ አልገባኝም።

ወንበር አልባሹ አብዱልመሊክ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ አብዱልመሊክ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ባለቤቴ ሚኪያስም ሰላም ብሎዎታል። ደብዳቤዎን አልጋዬ ላይ ሆኜ ደጋግሜ አነበብኩት። አባዬን ሲሰድቡት ሳነብ ጎባ ቤታችን የገባሁ ነው የመሰለኝ። ልጅ ሆኜ በሩ ሲንኳኳ እሱ «ገለባ ጠቅጣቂው መጣ» ይላል፣ እርስዎ ደግሞ ገና ሳይገቡ «ቀይ እስክሪብቶ አለ?» ይላሉ። ትምህርት ቤት እስክገባ ድረስ የሁለታችሁ የክርስትናና የእስልምና ስም ይሄ ነበር የሚመስለኝ።

ጀርባውን በቁጥር አልነግርዎትም። አባዬን ትራሱ ላይ ያስደግፉትና ትንፋሹ ቀለል የሚለውን ቦታ ይፈልጉ፤ እዚያ ላይ ያቁሙት። መተኛትም ያልሆነ፣ መቀመጥም ያልሆነ ቦታ ነው። የግራው ክንድ የሰፋው በዚያ በኩል ያለው እጁ ብቻ ስለሆነ የሚሠራው ነው፤ መነጽሩንም ውኃውንም እንዲያኖርበት።

ለምን ከዚያ አልላክሽም ቢሉኝ፣ መሥሪያ ቤታችን ይህን ወንበር ለሆቴልና ለአፓርታማ ይሠራል፤ አንዱን ጭኜ መላክ እችል ነበር። ግን የኛ ወንበሮች ለማንም ሰው ነው የሚሠሩት። ይሄኛው ለእሱ ገላ እንዲሠራ ነው የፈለግሁት። መርፌ መጀመሪያ የያዝኩት ደግሞ እርስዎ ሱቅ ውስጥ ነው፤ የሶፋ ቁልፍ ስሰርቅ ይዘው፣ ከሰረቅሽ አይቀር ስፊው ያሉኝን አልረሳሁም።

ጋሼ፣ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው። አባዬ በዚያ ወንበር ላይ አንድ ሌሊት እንኳን እንቅልፍ ወስዶት ይደር። እኔ እዚህ መነሳት ተከልክያለሁ፣ እሱ እዚያ መተኛት ተከልክሏል። ሐኪሙ መንገድም፣ ድንጋጤም፣ ለቅሶም አይሆንም ብሎኛል። ማታ ማታ እትዬ ሠርከአዲስ ስልኩን ጆሮው ላይ ይይዙልኛል። መናገር ባይችልም በጥፍሩ ስልኩን ኳ ኳ ያደርጋል፤ ሰማሁሽ ማለቱ ነው። እኔም ያንን ሰምቼ እተኛለሁ።

ጨርቁን ራሱ ይምረጥ። እርስዎን ካስመረጥኩ ጥቁር ቡኒ ይሆናል።

ልጅዎ ረድኤት


ሮቤ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለረድኤት፣

ሰላም ለአንቺ፣ ለሚኪያስም፣ ለዚያ ላልመጣው እንግዳም ይሁን። ከኋለኛው ደብዳቤሽ ሆድሽ መግፋቱን መስማቴ ደስ አሰኝቶኛል። ልጁ በሌሊት ይራገጣል ያልሽው ወደ አያቱ ሳይሄድ አይቀርም፣ እሱም ሰው አያስተኛም።

አባትሽን ለካሁት። ከጀርባው እስከ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱ እስከ ተረከዙ ለካሁ። ሜትሩን አጥብቄ ስይዝ ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ፣ አላላሁ፤ ሳላላ ደግሞ በጣቱ አጥብቅ አለኝ። አክስትሽ ስቃ ወደ ጓዳ ገባች። ልቅም ያለ አስቸጋሪ ነው። እውነቴን ነው የምልሽ፣ እንዲህ ያለ ደንበኛ በሱቄ በር ቢመጣ ዘግቻለሁ ነበር የምለው።

ጨርቁን ጭኑ ላይ ዘረጋሁለት። ግራጫውን ገፋው፣ አረንጓዴውን አላየውም፣ ቢጫውን ያዘ። የደረሰ ስንዴ የመሰለውን። ይቆሽሻል ስለው አልለቅም አለ። አሁን ከሱቄ ወጥቼ ባይ እስከ ገሰራ መንገድ ድረስ ሜዳው ሁሉ ያ ጨርቅ ነው፤ አጨዳው ሊጀመር ነው። እና ምርጫው አልከፋም፣ ለእሱ ግን እንዳትነግሪብኝ።

እንጨቱ ዝግባ ነው፣ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ፣ በደንብ የደረቀ። አጥንቱ ቆሟል። ስፖንጁንም ቆርጬ አልጨረስኩም እንጂ ጀምሬያለሁ። ደርሷል ወይ ላልሽኝ፣ ገና ነው። እኔ ወንበር የምለካው ጨርቅ ሳይለብስ ሰውየውን አስቀምጬበት ነው። ከለበሰ በኋላ ስህተቱን ጨርቁ ይደብቀዋል። ስለዚህ መኪና ሳገኝ ስፖንጁን እንደያዘ ጎባ ወስጄ አባትሽን አስቀምጥበታለሁ፣ የጎደለውን አይቼ እመልሰዋለሁ፣ ከዚያ ነው የማለብሰው። የተቀመጠበት ቀን እጽፍልሻለሁ።

ያው የምታውቂው አብዱልመሊክ


ሮቤ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለረድኤት፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። መልስ በማዘግየቴ ይቅር በይኝ። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። አንዱን ጉቱ ሲያመጣ ሱቅ አልነበርኩም።

ለጠየቅሽኝ፣ አባትሽ ገና አልተቀመጠበትም። አጨዳ ስለሆነ መኪናው ሁሉ እህል ላይ ነው፣ የሚጭንልኝ አላገኘሁም። ወንበሩ እዚሁ ሱቄ ውስጥ ነው። ስለ ጤናው አትጨነቂ። ስቃዩ ቀሎለታል። አክስትሽም ብቻዋን አይደለችም፣ ጎረቤቱ ይገባል ይወጣል።

ኃይለየሱስ ትልቅ ሰው ነው። ይህን ነግሬሽ አላውቅም፣ ልጁ ስለሆንሽ ማወቅ ይገባሻል። ያኔ ሱቄ ሲቃጠል ሰው ሁሉ መጥቶ አይዞህ ብሎኝ ሄደ። እሱ ግን ከቢሮ ሲወጣ በየቀኑ ከጎባ ሮቤ እየመጣ፣ ኮቱን አውልቆ ከእኔ ጋር አመድ ይዝቅ ነበር። አንድ ቀን እንኳን አልተናገረውም። በዕድሜዬ እንደ እሱ ያለ ቅን ሰው፣ እንደ እሱ ያለ ታማኝ ሰው አላየሁም።

ስለ ጨርቁ ሳስበው ግራጫው ሳይሻል አይቀርም። ቢጫው ለዓይን ይበዛል። እንዴት እንደምትይ ጻፊልኝ። ራስሽን ጠብቂ፣ እሱ ነው ዋናው።

አብዱልመሊክ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ አብዱልመሊክ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ አባዬ የጻፉልኝን መልካም ቃል አንብቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የአመዱን ነገር አላውቅም ነበር። እማዬ በሕይወት እያለች ያ ኮት ለምን ጠቆረ ብላ ስትጣላው አስታውሳለሁ፣ እሱም ለእሷ አልነገራትም ማለት ነው።

ወንበሩን አይቸኩሉበት። ወደ ጎባም አይውሰዱት። እኔ ወልጄ እስክመጣ ድረስ እርስዎ ጋ ይቆይልኝ። መኪና ፍለጋም አይድከሙ። ጨርቁ ግን ቢጫው ይሁን። አባዬ የመረጠው እሱን ነው፣ የእሱን ምርጫ ማን ይለውጣል። እጅዎ እንቢ ያለ ቀን መርፌውን አስቀምጠው ይረፉ፤ ሌላ ቀን ይሰፉታል።

እርስዎስ እንዴት ነዎት? በገበያ ቀን ሻይ የሚጠጡት ከማን ጋር ነው? ጥቅሉ ውስጥ ያለው ሹራብ የእርስዎ ነው፣ ሚኪያስ ነው የገዛው። የሮቤ ንፋስ በዚህ ወር እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሱቅዎ ደግሞ በር የለውም ማለት ይቀላል።

እኔ ደህና ነኝ። ሕፃኑም ደህና ነው። ቤት ያሉት ሁሉ ቀኑን ሙሉ ፊቴን ያያሉ፣ እኔም አጫውታቸዋለሁ። አላለቅስም፣ ምን ሆኜ አለቅሳለሁ። ማታ ማታ እትዬ ሠርከአዲስ ስልኩን ይይዙልኛል፣ ኳ ኳ ይላል፣ ደህና እደር ብዬ እዘጋለሁ።

ልጅዎ ረድኤት


ሮቤ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለረድኤት፣

ሰላም ላንቺ። ሹራቡ ልኬ ነው፣ ለሚኪያስ አላህ ይስጥልኝ በይው። ጥምቀትን በደህና እንዳሳለፋችሁ ተስፋ አለኝ። ሰዓትሽ ደርሷል፣ በሶላቴ ሁሉ አንቺን አነሳለሁ።

ወንበሩን አለበስኩት። ያልሽውን ሰምቼ እጄ እንቢ ሲል አሳረፍኩት፣ ለዚያ ነው የቆየው። አንዱን መስመር ሰፍቼ ፈታሁት፣ እንደገና ሰፋሁት። አሁን አልቋል። ሱቁ ውስጥ ጥግ ላይ አድርጌ አንሶላ አልብሼዋለሁ። ሰው ሲገባ ልቀመጥበት ይላል፣ የሰው ነው እላለሁ። አንዲት ነገር ያለፈቃድሽ አድርጌያለሁ፤ የራስ መደገፊያውን ከስዕልሽ ትንሽ ከፍ አድርጌዋለሁ። ምክንያቱን ስትመጪ እነግርሻለሁ።

በገበያ ቀን ከማን ጋር ሻይ ትጠጣለህ ላልሽኝ፣ ብቻዬን ነው። ቀመር የሚባለው ሻይ ሻጭ ልማድ ሆኖበት ሁለት ብርጭቆ ያመጣልኛል፣ እኔም አንዱን መልሰው አልለውም። ጆሮው ከማይሰማ ሰው ጋር ማን ያወራል። ኃይለየሱስ በጣቱም በዓይኑም የሚያናግረኝ ሰው ነበር፣ አሁን ከቤት ስለማይወጣ ነው። ምስጉን ሰው ነው። ካንቺ የሚጠበቀው እሱን የመሰለ ልጅ በሰላም መውለድ ብቻ ነው።

ስለ እሱ ብዙ ስላልጠየቅሽኝ ከበደኝ፣ ደግሞም ቀለለኝ። እንዴት እንደሆነ እኔም አልገባኝም።

አብዱልመሊክ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ፣

የእርስዎም ጾም የእኛም ጾም ዘንድሮ ገጥሟል፣ ሁለቱንም ለበረከት ያድርግልን። ልጄ ጥር መጨረሻ ላይ ተወለደ። ወንድ ነው፣ ሙሉ ጤነኛ ነው፣ ጣቶቹ የአባዬ ናቸው። ክርስትናም ተነሳ።

ከክርስትናው በኋላ ባለፈው እሁድ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ሚኪያስ ማነው እንኳን ሳይል ከፈተ። ዘመዶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ተራ በተራ ገቡ፣ እትዬ ሠርከአዲስም ከጎባ መጥተው ከኋላቸው ነበሩ። አንዲቷ ልጁን ከእቅፌ ወሰደችው። ከዚያ ነገሩኝ። እንደሚገባው ጮህኩ፣ እንደሚገባው ያዙኝ። ያ ጩኸት ግን ከታኅሣሥ ጀምሮ ጉሮሮዬ ላይ የነበረ ነው።

አዎ ጋሼ፣ አውቅ ነበር። ከማንም አልሰማሁም። የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። በዕድሜዬ አባዬን ሲያመሰግኑት ሰምቼዎት አላውቅም። ነዝናዛ፣ ግትር፣ ቀይ እስክሪብቶ ነው የሚሉት። ከዚያ «ኃይለየሱስ ትልቅ ሰው ነው» የሚል ደብዳቤ መጣ። እርስዎ አባዬን እንዲህ የሚሉት ሲሞት ብቻ ነው። ደብዳቤውን አጥፌ ትራሴ ሥር አደረግሁና ወደ ግድግዳው ዞሬ ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ ዋልኩ። እኔ ከጮህኩ ይሄኛውም እንደ ሁለቱ ይሄዳል ብዬ ነው።

ያን ማታ ስልክ ደወልኩ። ኳ ኳ አለልኝ። የአባዬ ጥፍር ሻካራ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚመታው። ይሄኛው ቶሎ ቶሎ ነበር። እትዬ ናቸው፣ በራሳቸው ጥፍር። እንዴት እያለቀሱ እንደሚያንኳኩ ታየኝ። ደህና እደር አባዬ አልኳቸው። ከወለድኩም በኋላ እስኪነግሩኝ ድረስ በየማታው ደህና እደር አባዬ እያልኩ ለእትዬ ጥፍር ሰላምታ ሰጠሁ። እሳቸው እኔን ያሳሳቱ ይመስላቸዋል፣ አልነገርኳቸውም፣ እርስዎም አይንገሩብኝ።

ለእርስዎም ማወቄን ያልጻፍኩት ለዚህ ነው። ሁላችሁም ለልጄ ብላችሁ የተሸከማችሁትን እኔ አውቃለሁ ብል ሁሉም ይፈርሳል። እርስዎ ግን ጓደኛዎን ቀብረው፣ በግልጽ ለልጁ ሳያለቅሱ፣ የእሱን ወንበር ቁጭ ብለው ሲሰፉ መክረምዎ ያሳዝነኛል። ይቅር ይበሉኝ።

አሁን ልጄ ተወልዷል፣ የሚያስፈራን የለም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ሳይቀመጥበት ነው የሄደው? ካልተቀመጠ፣ አልተቀመጠም ይበሉኝ፣ እችለዋለሁ። ሌላም ልለምንዎ፤ ሲመልሱልኝ አባዬን አንድ ጊዜ ይስደቡልኝ። ሁሉም እያመሰገነው ነው፣ እኔ የማላውቀው ሰው ሆነብኝ።

ልጅዎ ረድኤት


ሮቤ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለረድኤት፣

አላህ ያጽናሽ። ልጅሽን ያሳድግልሽ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በዒድ ዋዜማ ነው። የቆየሁት በዓሉ ይለፍ ብዬ ነው እንጂ ላለመመለስ አይደለም። አንብቤው ሱቁን ዘግቼ አለቀስኩ። ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ አላለቀስኩም፣ ላንቺ ያልነገርኩት ሁሉ ታፍኖ ነበር የተቀመጠው።

ተቀምጦበታል።

መኪና አላገኘሁም ያልኩሽ ውሸት ነው። ኅዳር አጋማሽ እንዳለፈ አንድ አይሱዙ አገኘሁና ወንበሩን ሳይለብስ፣ ስፖንጁ እንደተለጠፈበት ጎባ ወሰድኩት። መስኮቱ አጠገብ አቆምነው። እኔና ሠርከአዲስ አባትሽን ደግፈን አስቀመጥነው። የግራ ክንዱን በሰፊው ላይ ዘረጋ፣ ጀርባውን ጣለ፣ ትንፋሹ ረዘም አለ። ደረቱን እያየሁ ነበር። ሠርከአዲስ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ከዚያ ፊቱን አጨማደደ። ጣቱን ወደ ኪሴ ቀሰረ። ልብስ የምናሰምርበትን ጠመኔ ነው የፈለገው። ሰጠሁት። በግራ እጁ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ጭንቅላቱ ጎን ስፖንጁ ላይ አንዲት መስመር አሰመረ፤ የራስ መደገፊያው እዚህ ድረስ ከፍ ይበል ማለቱ ነው። የልጅህ ስዕል እኮ ነው አልኩት። ጠመኔውን መለሰልኝና መስመሯን በጥፍሩ መታ መታ አደረጋት።

እሺ አልኩ። ልውሰደው፣ ከፍ ላድርገው፣ ላልብሰውና ላምጣልህ አልኩት። የወንበሩን ክንድ ጨብጦ አልለቅም አለ። ጣቱን ላላቅቅ ሞክሬ ነበር፣ ተውኩት። እንደዚያው ሳይለብስ ትቼለት ወጣሁ።

ያን ሌሊት ተኛ። ሠርከአዲስ እንደነገረችኝ፣ ሌሊት የማይለየው ሳሉ ስለጠፋባት ደንግጣ ተነስታ ሄዳ አየችው፤ እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ፀሐይ ፊቱ ላይ እስክትወጣ አልነቃም። ከዚያም በኋላ ያሉትን ሌሊቶች እዚያው ላይ ተኛ፣ አልጋውን አልፈለገም። አንድ ቀን ጠዋት ሻይ ይዛ ስትመጣ ሄዷል። አልተንሸራተተም፣ እንዳስቀመጠችው ነበር።

ያልነገርኩሽ ፈርቼ ነው። የምታለቅሺበት ወንበር ይሆናል፣ የሞተበት ነው ብለሽ ትጠዪዋለሽ አልኩ። ከቀብሩ በኋላ ወደ ሱቄ መለስኩት። ግራጫው ይሻላል ያልኩሽም እሱ ይዞ አልለቅም ያለውን ቢጫ ጨርቅ በዚያን ሰሞን መንካት ስላቃተኝ ነው። አንቺ ቢጫው ይሁን ስትዪኝ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ስፖንጁን አልቀየርኩትም። የራስ መደገፊያውን እሱ እንዳለው ከፍ ሳደርግ በላዩ ጨመርኩበት እንጂ መስመሯን አልነካሁም። ከጨርቁ ሥር በግራ በኩል አለች። በሕይወቱ ያሰመረው ሁሉ ቀጥ ያለ ነበር፣ ይቺ ጠማማ ናት። ጨርቁን ፈትተሽ እንዳታዪያት። እዚያ እንዳለች ማወቅሽ ይበቃል። ከፋሲካ በኋላ ልጁን ይዘሽ ነዪ፣ አንሶላውን አንቺ ትገልጪዋለሽ፣ መጀመሪያ የምትቀመጪበትም አንቺ ነሽ።

ስድቡን የተውኩት ሆን ብዬ አይደለም። ለመሳደብ መላሽ ያስፈልጋል፣ ብዕሬ እዚያ ቃል ላይ ሲደርስ እንቢ እያለኝ ነው። ግን ለምነሽኛልና ልሞክር። ያ ነዝናዛ፣ ያ ግትር፣ ያ ቀይ እስክሪብቶ አባትሽ፣ ምላሱ ታስሮ፣ እጁ ሞቶ፣ የገዛ ልጁን ሥራ ሳያርም አልሄደም።

ገለባ ጠቅጣቂው አብዱልመሊክ